ድንጋዩ አዲስ አበባ ገባ፤ ጉድጓዱ አምቦ ቀረ

*በምዕራብ ሸዋ ድንጋይና አሸዋ የሚወጣበትን ፈቃድ የማዕድን መሥሪያ ቤቱ ይሰጣል። መዘዙን የሚቀበለው ግን ወንዙ ነው። ለውኃ የቆመው መሥሪያ ቤት በዚህ መሐል ምን ድርሻ አለው? ምንስ ሊኖረው ይገባል?*

የአምቦን ድንጋይ የሚጠርብ ሰው ከመዶሻው በፊት መስመሩን ይፈልጋል። ድንጋዩ ከጥንት አሸዋ ተጨምቆ የተሠራ፣ ንብርብር በንብርብር የተጋደመ ነውና በየደረጃው የሚላቀቅበት ቦታ አለው። ጠራቢው በዚያ መስመር ላይ በመሮ ተራ በተራ ቀዳዳ ያበጃል፤ በየቀዳዳው የብረት ሽብልቅ ይተክላል፤ ከዚያ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰ ይመታል። አንዱን ሽብልቅ ብቻ ቢያጠብቅ ድንጋዩ ያለ ወጉ ይፈረከሳል። ሁሉንም እኩል ሲመታ ግን ስል የነበረው የብረት ድምፅ ደፈን ይላል። ያን ጊዜ መዶሻውን ያስቀምጣል፣ ዲጂኖውን ያስገባል፣ በትከሻው ይጫናል፤ ድንጋዩም ዝርግ ሆኖ ይነሣል።

ቀለሙ ቢጫ፣ ቡኒ፣ አንዳንዴም ቀላ ያለ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሠራ ወይም ያሠራ ሰው «የአምቦ ድንጋይ» ሲባል ሁለተኛ አይጠይቅም። የግቢ አጥር ላይ አለ፣ የቪላ ግንብ ላይ አለ፣ የመሥሪያ ቤት ደረጃ ላይ አለ። ከአምቦና ከሰንቀሌ ዙሪያ ተጭኖ ጊንጪን፣ አዲስ ዓለምን፣ ሆለታን አልፎ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው የሚደርሰው።

ለገበያ የማይሆነው ስብርባሪና ከድንጋዩ ላይ ተገፍፎ የተነሣው አፈር ግን አብሮ አይሄድም። በቁልቁለቱ ይደፋል። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ያገኘዋል። ከካባው አፍ ወደ ቦረቦሩ፣ ከቦረቦሩ ወደ ጅረቱ፣ ከጅረቱ ወደ ሁሉቃ ወይም ወደ ጉደር ወንዝ ይወርዳል። ካባ የሚለካው በሄክታርና በሜትር ኪዩብ ስለሆነ ጉዳዩ የመሬት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። እግር በእግር ለተከተለው ሰው ግን መጨረሻው ውኃ ነው።

ሦስት ተፋሰስ በአንድ ዞን

ምዕራብ ሸዋ ውኃ የሚከፋፈልበት ምድር ነው። ከጊንጪ ዙሪያ ከፍታዎች የሚነሣው አዋሽ ወደ ምሥራቅ ተጉዞ በአፋር በረሃ ይቀራል። ጉደርና ሙገር ወደ ሰሜን ወርደው ዓባይን ይቀላቀላሉ። በባኮ በኩል ደግሞ የጊቤ ውኃ ወደ ደቡብ ያዘነብላል። አንድ ዞን ለሦስት ታላላቅ ተፋሰሶች ያዋጣል ማለት ነው። እዚህ የተደፋ አፈር የሚደርስበት አገር ብዙ ነው።

ከምድሩ በታች ያለውም እንዲሁ። በአምቦ ዙሪያ አሸዋማው ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ሥር ብቅ ይላል፤ መሬቱንም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጡ ስንጥቆች አሉ። ከተማዋን ያስጠራው ፍል ውኃና ጋዝ ያለው ማዕድናዊ ውኃ በእነዚሁ ስንጥቆች ነው ወደ ላይ የሚመጣው። የአምቦ ውኃ በጠርሙስ መታሸግ የጀመረው በ1922 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ፋብሪካውም ሰንቀሌ ላይ ነው። ከተማዋ ሀገረ ሕይወት ተብላ የምትጠራበት ዘመን ነበር። ሕይወቷ ከውኃዋ እንደነበር ለማንም ግልጽ ነው።

አሸዋማ ድንጋይ በጠባዩ ቀዳዳማ ነው። የዝናብን ውኃ ተቀብሎ ያሳልፋል፣ ያከማቻል፣ በበጋ በምንጭ መልክ ቀስ እያለ ይመልሳል። በድንጋዩ ላይ ያለው አፈርና ሣር ውኃው ቆም ብሎ እንዲሰርግ ጊዜ ይሰጠዋል። ካባ ሲከፈት መጀመሪያ የሚነሣው ይኸው አፈርና ሣር ነው። ድንጋዩ ያሳደረውን ውኃ የሚጠጡና ድንጋዩን የሚፈልጡ ሰዎች በአንድ ቀበሌ ይኖራሉ፤ ብዙ ጊዜም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

> እዚህ የተደፋ አፈር የሚደርስበት አገር ብዙ ነው።

አሸዋ ከወንዙ ሲነሣ

ከድንጋይ ይልቅ አሸዋ ፈጥኖ ያስቀጣል። ክረምቱ ሲያልፍና ወንዙ ሲጎድል ጎርፉ ያመጣው አሸዋ በየመታጠፊያው ተከምሮ ይቀራል። ወጣቶች በአካፋ ያወጡታል፣ በወንፊት ይነፉታል፣ በዳርቻው ይከምሩታል። መንገድ ባለበት ገልባጭ መኪና እስከ ውኃው ጠርዝ ይወርዳል። ሎደር ባለበት ደግሞ የአንድ ሳምንት የአካፋ ሥራ በአንድ ጧት ያልቃል።

ጎርፍ ያመጣውን ያህል ብቻ ማንሣት ብዙም አይጎዳም። ወንዙ በሚቀጥለው ክረምት ይተካዋል። ጉዳቱ የሚጀምረው ወንዙ ከሚተካው በላይ ሲነሣ ነው። ያኔ በወንዙ ወለል ላይ ጉድጓድ ይፈጠራል። በቀጣዩ ጎርፍ ውኃው ወደ ጉድጓዱ ሲገባ ቁልቁለት ስለሚያገኝ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ የጉድጓዱን አፋፍ እየናደም ወደ ላይኛው የወንዙ ክፍል ያፈገፍጋል። አሸዋው ከተነሣበት ቦታ ርቆ የሚገኝ፣ አካፋ ያልነካው ዳርቻ በዚህ መንገድ ይፈርሳል። ወደ ታች ሲባል ደግሞ አሸዋውን ያጣ ወንዝ የተራበ ነው፤ ሸክሙን ከሚያልፍበት እርሻ ይቆርጣል። የድልድይ እግር ይራቆታል። የወንዙ ወለል ዝቅ ሲል በዳርቻው ያለው የጉድጓድ ውኃም አብሮ ዝቅ ይላል።

ይህን የሚያየው ገበሬ የሚያስረዳው በጥናት ቋንቋ አይደለም። ድሮ ከብቶቹ የሚወርዱበት መልካ አሁን ገደል መሆኑን ይናገራል። የድንበሩ ዛፍ የት እንደነበረ በጣቱ ያሳያል፤ የሚያሳየው ቦታ አየር ነው። አሸዋ የሚያወጣው ወጣት በበኩሉ መልስ አለው፦ መሬት አልደረሰኝም፣ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ አላገኘሁም፣ ተደራጅ ተባልኩ፣ ተደራጀሁ። ይህም እውነት ነው። የሁለቱ እውነት በአንድ ወንዝ ዳርቻ ሲገናኝ የሚዳኝ ሦስተኛ ወገን ያስፈልግ ነበር።

አሸዋ በዓለም ደረጃም ቀላል ጉዳይ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ የሰው ልጅ በየዓመቱ 50 ቢሊዮን ቶን ያህል አሸዋና ጠጠር እንደሚጠቀም አስታውቋል። የአዲስ አበባ ሕንፃዎች፣ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ኮንዶሚኒየምና የጎዳናው ኮብልስቶን ሁሉ የዚህ ድርሻ ናቸው።

ፈቃዱ የማን ነው?

በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ለግንባታ የሚውሉ ማዕድናትን፣ ማለትም ድንጋይን፣ አሸዋንና ጠጠርን፣ ለአገር ውስጥ ባለሀብት የሚፈቅደው ክልሉ ነው። አዋጁ መልካም ነገር አለው። ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት እንዲያቀርብ፣ ባለፈቃድ ከሆነ በኋላም የተጎዳውን አካባቢ መልሶ ለማልማት የሚውል ገንዘብ እንዲመድብ ያዝዛል። በባህላዊ መንገድ፣ በእጅ መሣሪያ የሚያመርቱትን ግን ከሁለቱም ግዴታዎች ያወጣቸዋል።

ሕግ አውጪው ለድሀው አዝኖ ይሆናል። ውጤቱ ግን ሌላ ነው። እንደ ምዕራብ ሸዋ ባሉ አካባቢዎች አሸዋውንና ድንጋዩን በብዛት የሚያወጡት በማኅበር የተደራጁ፣ አካፋና ዲጂኖ የያዙ ወጣቶች ናቸው። አንድ ማኅበር ትንሽ ጉድጓድ ይቆፍራል። በአንድ ወንዝ ላይ የተደረደሩ ብዙ ማኅበራት ግን አንድ ትልቅ ካባ ናቸው፤ ለዚያ ትልቅ ካባ ጥናት ያቀረበም፣ ገንዘብ ያስያዘም የለም።

የጥናቱ ግምገማም የራሱ ታሪክ አለው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማን በሕግ አቆመ። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን የያኔው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የመገምገም ሥልጣኑን ለየዘርፉ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ውክልና ሰጠ፤ ማዕድን ሚኒስቴርም አንዱ ነበር። ማዕድን እንዲወጣ የሚሠራው መሥሪያ ቤት ማዕድኑ ሲወጣ የሚደርሰውን ጉዳት እንዲመዝን ተደረገ ማለት ነው። የትኛውም ቅን ባለሙያ ቢሆን በዚህ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ይቸገራል።

ውኃውስ? የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ተቆጣጣሪው አካል የወንዝና የሐይቅ ዳርቻዎችን እንዲከልል፣ በተከለለው ዳርቻም ዛፍና ዕፅዋት መመንጠርንና መኖሪያ ቤት መሥራትን እንዲከለክል ሥልጣን ሰጥቶታል። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በአዋጅ ቁጥር 534 የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት የሚቋቋሙበት መንገድ ተከፈተ። የዓባይ ተፋሰስ ባለሥልጣን ባሕር ዳር ላይ ተቀመጠ፤ አዋሽም የራሱን አገኘ። በ2011 ዓ.ም. ተጠቃልለው የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ሆኑ። በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263 የአስፈጻሚ አካላት እንደገና ሲደራጁ ሥራው ወደ ውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ገባ።

አንድ ተቋም ሥር ሳይሰድ ሲነቀልና ሲተከል ከሁሉ በፊት የሚጎዳው የመስክ ሥራው ነው። የጉደር ዳርቻ ላይ ቆሞ «ከዚህ በታች አካፋ አይገባም» የሚል ሰው ዓመት በዓመት አንድ ዓይነት መታወቂያ ይዞ መምጣት አለበት።

የውኃ ባለሙያዎች ሲያማርሩ የሚሰማው ስለ ፈቃዱ ነው። ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ ነው የምንሰማው፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ አንሰማም ይላሉ። የማዕድን ባለሙያዎቹ ደግሞ እኛ በሕጉ መሠረት እንሠራለን፣ ተሽከርካሪና ነዳጅ ባልተሟላበት ስንቱን ካባ እንከታተል ይላሉ። ሁለቱ ቢሮዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው።

> አንድ ማኅበር ትንሽ ጉድጓድ ይቆፍራል። በአንድ ወንዝ ላይ የተደረደሩ ብዙ ማኅበራት ግን አንድ ትልቅ ካባ ናቸው።

ያንግትዜ ላይ የሆነው

ውኃን የሚያስተዳድር አካል ቁፋሮን ሲቆጣጠር ምን እንደሚመስል ለማየት ቻይና ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በያንግትዜ ወንዝ ላይ የአሸዋ ቁፋሮ ልቅ ሆነ። ዳርቻዎች ተናዱ፣ የጎርፍ መከላከያ ግድቦች ተጋለጡ፣ መርከቦች ተቸገሩ። በ1998 እ.ኤ.አ. ታላቅ ጎርፍ ከደረሰ በኋላ መንግሥት በ2000 ቁፋሮውን ከለከለ። በጥር 2002 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ደግሞ ሥልጣኑን ለውኃ አስተዳደሩ ሰጠ፤ የት ይቆፈራል፣ መቼ፣ ምን ያህል የሚለው በወንዙ ዕቅድ የሚወሰን ሆነ። ወንዙን የሚያውቀው አካል ነው ፈቃዱን የያዘው።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ከያንግትዜ የተባረሩት ቆፋሪዎች ወደ ፖያንግ ሐይቅ ገቡ። ሐይቁ ወደ ወንዙ የሚወጣበት በር በቁፋሮ ሰፋ፤ በበጋው ወራት ውኃው ቀድሞ ይሸሽ ጀመር። ከአንድ ወንዝ የታገደ ቁፋሮ ጎረቤቱ ክፍት ከሆነ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁሉቃ ተዘግቶ ጉደር ክፍት ከሆነ፣ አንዱ ወረዳ ጠብቆ ቀጣዩ ከላላ፣ ያተረፍነው ነገር የለም። ተፋሰስን እንደ አንድ የሚያይ አካል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የወረዳ ወሰን ውኃን አያግድም።

በአገራችን ውኃው መጨረሻ ሲጠየቅ ምን እንደሚመጣም አይተናል። በጉጂ የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ በግንቦት 2010 ዓ.ም. የታገደው ነዋሪዎች ውኃችንና ጤናችን ተበከለ ብለው አደባባይ ከወጡ በኋላ ነበር። በእኛው ምዕራብ ሸዋም በኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ የተነሣው ተቃውሞ መነሻው የደን መሬት ለኢንቨስትመንት ሊመነጠር መሆኑ ነው። ያ ተቃውሞ የት እንደደረሰ አንባቢ ያውቀዋል። የጊንጪው ጭሊሞ ደን አዋሽ ከሚጀምርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በዚህ አካባቢ መሬትና ውኃ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ብቻ ሆነው አያውቁም።

ጉድጓድን ወደ መሬት መመለስ

መልሶ ማልማት ሲባል ብዙዎች የሚታያቸው ካባው ከተዘጋ በኋላ የሚተከል ችግኝ ነው። ሥራው ግን የሚጀመረው በመጀመሪያው ቀን፣ ዶማ መሬት ከመንካቱ በፊት ነው።

የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻው ይገፈፋል፤ ጎርፍ በማይደርስበት ቦታ ይከመራል፤ ከድንጋይ ስብርባሪ ጋር አይደባለቅም። ይህ አፈር ዘር፣ ሥርና ሕይወት ያለበት ነው፤ ከጠፋ በገንዘብ አይገኝም። ቁፋሮው በደረጃ ይወርዳል፣ ቀጥ ያለ ገደል አይተውም። ከካባው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቀደዳል፤ ከበታቹ ደለል የሚያስቀር ትንሽ ኩሬ ይሠራል፣ ኩሬውም በየክረምቱ ይጠረጋል። አንዱ ጥግ ሲያልቅ ስብርባሪው ተመልሶ ይሞላበታል፤ ጥቁሩ አፈር ይለብሰዋል፤ ደሾ ሣር ወይም ቬቲቨር ይተከልበታል፤ ከዚያ ወይራ፣ ጥድ፣ ኮሶ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፣ ገንዘብም ያመጣል፤ ምንጩ እንዲመለስ ለሚፈልግ ሰው ግን ምርጫው አይደለም። ሌላው ጥግ እየተቆፈረ ይኼኛው ይለማል። እንዲህ ከተሠራ ካባው ሲዘጋ የሚቀረው ዕዳ ትንሽ ነው።

ካልተሠራ የሚቀረው ገደልና ኩሬ ነው። ውኃ ባቆረ የካባ ጉድጓድ ውስጥ ሕፃናት ሰጥመው ሞቱ የሚለው ዜና በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በየክረምቱ የሚደጋገም ነው። ከብት ይገባበታል፣ የወባ ትንኝ ይራባበታል። ይህን ያህል ዋጋ የሚያስከፍል ጉድጓድ ባለቤት አልባ ሆኖ መቀመጡ ሊያስቆጣን ይገባል።

እንደሚቻል የሚያሳይ ጎረቤት አለን። በኬንያ ሞምባሳ አጠገብ የባምቡሪ ሲሚንቶ ፋብሪካ የኖራ ድንጋይ አውጥቶ የተወው ሜዳ ነበር፤ ፀሐይ የሚያነድደው፣ ሥሩ ጨዋማ ውኃ የሆነ። በ1971 እ.ኤ.አ. ሬኔ ሃለር የተባለ የእርሻ ባለሙያ 26 ዓይነት ዛፍ ሞከረ፤ የጸደቁት ሦስት ብቻ ነበሩ። ከጸደቁት አንዱ የካዝዋሪና ዛፍ ነው። ቅጠሉ እየረገፈ ሳይበሰብስ ተከመረ። ያኔ ያንን ቅጠል የሚበላ ባለብዙ እግር ትል አመጡ፤ ትሉ ቅጠሉን ወደ አፈር ቀየረው። ዛሬ ቦታው ሃለር ፓርክ ይባላል፤ ቀጭኔና ጉማሬ አለበት። ከድንጋይ ላይ አፈር መሥራት ዓመታት ይፈጃል፣ ግን ይሆናል።

ይህ ነገር ለእኛ ቅርብ ነው። በዚሁ ዞን በአዳ በርጋ በኩል የሙገር ሲሚንቶ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የኖራ ድንጋይ ያወጣል። ዳንጎቴም በ2007 ዓ.ም. በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት ፋብሪካ አስመርቋል። ትልልቅ ፋብሪካዎች ባለሙያ፣ ማሽንና ገንዘብ አላቸው። ከእነሱ ብዙ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሲጠየቁም የሚመልስ አካል አላቸው። በማኅበር የተደራጀው ወጣት ግን ጊዜው ሲያበቃ ይበተናል፤ ጉድጓዱን ማን ይጠየቅበት?

> ጥቁሩ አፈር ሕይወት ያለበት ነው፤ ከጠፋ በገንዘብ አይገኝም።

ገንዘቡ ከመኪናው፣ ፊርማው ከውኃው

አሜሪካ በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የገጸ ምድር ከሰል ቁፋሮ ሕግ ቆፋሪው መሬቱን ለመመለስ የሚያስፈልገውን ዋስትና ፈቃድ ሳያገኝ እንዲያስይዝ አስገደደች። ቢከስር ወይም ቢጠፋ መሬቱ በዋስትናው ይመለሳል። ይህን እንዳለ ወስዶ ከአሥር ልጆች ማኅበር ላይ መጫን ሥራቸውን መዝጋት ነው። ማንም ቅን ሰው ይህን አይፈልግም።

መንገድ ግን አለ። እያንዳንዱ ገልባጭ መኪና ከካባ ሲወጣ ክፍያ ይከፍላል። ከዚያ ላይ ጥቂት ብር ተነሥቶ በወረዳው ለመልሶ ማልማት ብቻ በሚውል ሒሳብ ቢገባ፣ ዕዳው ከወጣቱ ትከሻ ወርዶ ድንጋዩንና አሸዋውን በሚገዛው ሰው ላይ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ግንቡን የሚያስውብ ሰው ለጉድጓዱም ጥቂት ቢከፍል አይበዛበትም። ጉድጓዱን የሚደፍኑት፣ ሣሩን የሚተክሉት፣ ኩሬውን የሚጠርጉት እነዚያው ወጣቶች ይሁኑ፤ ካባው ቢዘጋም ሥራው አይዘጋም።

ሁለተኛው ነገር ፊርማ ነው። በወንዝ ውስጥና በምንጭ አካባቢ የሚሰጥ ማንኛውም የቁፋሮ ፈቃድ የውኃ መሥሪያ ቤቱ ፊርማ ሳይኖርበት መጽናት የለበትም። በየዓመቱ መስከረም ላይ የውኃ ባለሙያው ወንዙ ያመጣውን አሸዋ ለክቶ ይህን ያህል ይነሣ፣ ከዚህ ወዲያ አይነካ ይበል። ዳርቻን የመከለል ሥልጣን በ1992ቱ አዋጅ ተሰጥቷል፤ አካፋና ሎደርን የሚጨምር መመሪያ ማውጣት አዲስ ተራራ መግፋት አይደለም።

ቸልታ ምን እንደሚያስከፍል ቆቃ ምስክር ነው። በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ከላይኛው አዋሽ በሚወርድ ደለል ከመያዝ አቅሙ ብዙ አጥቷል። ያ አፈር ከጊንጪ ጀምሮ ከየእርሻው፣ ከየቦረቦሩና ከየጉድጓዱ የተዋጣ ነው። ዛሬ ጉደርና ሙገር የሚያወርዱትም ዓባይን ይዞ ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ነው የሚሄደው። ሕዝቡ ከኪሱ አዋጥቶ የሠራው ግድብ ነው።

አዋጅ ቁጥር 299/1995 የተፅዕኖ ጥናት ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዝዛል። ይህ መብት የአምቦ፣ የጊንጪ፣ የጉደርና የባኮ ነዋሪ ሁሉ ነው። ከቤታችሁ በላይ ወይም በታች ካባ ካለ ወደ ወረዳው ሂዱና ጥናቱን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ጥናት የለም ከተባላችሁ ለምን እንደሌለ ጠይቁ። ገንዘቡ በየትኛው ሒሳብ እንደተቀመጠ፣ ጥቁሩ አፈር የት እንደተከመረ፣ ውኃ መሥሪያ ቤቱ መቼ መጥቶ እንዳየው ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።